ሆዱ ለሚነካ መኪና የሚሆን ፖንቴ

ሰበታ፣ ኅዳር 7 ቀን 2018 ዓ.ም.

ይድረስ ለተከበሩ እትዬ ወርቅቱ ሊቤ
ቶሪኖ

ይህን ደብዳቤ የምጽፍልዎ፣ አባቴ ዝቅ ያሉ መኪኖችን ሲጠግን በክሪክ አንሥቶ ከሥራቸው መተኛቱን እንዲተው የሚያስችለውን መወጣጫ እንዲመርጡልን ለመጠየቅ ነው። ምክንያቴን ከሰላምታ በፊት ማስቀደሜ ድፍረት መስሎ ከታየዎ ይቅርታ ያድርጉልኝ፤ ደብዳቤው ረጅም ስለሆነ ጉዳዩ በመጨረሻ ተቀብሮ እንዳይቀር ብዬ ነው።

እንግዲህ እንዴት ሰነበቱ? ጤናዎ፣ ሥራዎ፣ የዚያ አገር ብርድስ እንዴት ይዞዎታል? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። ሶያማ ነኝ፣ የዲሪርሳ ልጅ። የአባቴ እናትና የእርስዎ አባት የእኅትማማች ልጆች መሆናቸውን ሱሉልታ ያሉት ዘመዶቻችን ነግረውኛል። ከአራት ዓመት በፊት ሰበታ ቤታችን በመጡ ጊዜ እኔ ዩኒቨርሲቲ ስለነበርሁ አልተገናኘንም። አሁን ቡራዩ በአንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ፊዚክስ አስተምራለሁ። እርስዎ የጋራዥ ዕቃ በሚሸጥ ድርጅት ውስጥ እንደሚሠሩ ስለሰማሁ፣ ከዘመድ ሁሉ ይህን ጉዳይ የሚያውቀው እርስዎ ብቻ ነዎት ብዬ አሰብሁ።

ነገሩ እንዲህ ነው። አባቴ በገዛ እጁ የበየደውን የብረት መወጣጫ አይተውታል። አጭር ነው፤ ቀጥ ብሎም ይወጣል። ለፒካፕና ለድሮዎቹ መኪኖች ችግር አልነበረበትም። ባለፉት ሁለት ዓመታት ግን ወደ ፉሪና ወደ ሰበታ ቤት እየሠሩ የሚገቡ ሰዎች የኤሌክትሪክ መኪና ይዘው መጡ። የእነዚህ መኪኖች ባትሪ ከወለላቸው ሥር የተነጠፈ ስለሆነ ሆዳቸው ለመሬት የቀረበ ነው፤ አፍንጫቸውም ረጅም ነው። ጎማቸው ብረቱን ከመንካቱ በፊት የፊት መከላከያቸው፣ ፓራውልቱ፣ ይጋጫል። ስለዚህ አባቴ በክሪክ ያነሣቸዋል፣ ድንጋይ ይደግፍላቸዋል፣ ካርቶን ያነጥፍና ከሥር ይገባል።

ባለፈው መስከረም አንዱ ድንጋይ ተሰነጠቀ። አባቴ ውኃ ሊጠጣ ወጥቶ ነበር። መኪናው ካርቶኑ ላይ ዐረፈ። አባቴም መኪናውን እንደገና አነሣና ካርቶኑን ስቦ አውጥቶ አየው፤ «ጠፍጥፎታል» አለና በሌላ ካርቶን ተካው።

ቡራዩ ትምህርት ቤታችን አጠገብ የመኪና ዕቃ የሚሸጡ አቶ ከሊፋ የሚባሉ ነጋዴ አሉ። ሁለት ዓይነት መወጣጫ አላቸው፤ አንደኛው አጭር፣ ሁለተኛው ከፊቱ ተጨማሪ ቁራጭ የሚቀጠልለት ረጅም። የሁለቱንም ፎቶ ከዚህ ጋር ልኬልዎታለሁ። ዋጋው አያሳስበንም፤ አባቴ ለዚሁ ያስቀመጠው አለ። የሚያሳስበኝ ተሳስተን ገዝተን ዕቃው ጥግ ላይ ሲቀመጥ አባቴ ወደ ካርቶኑ መመለሱ ነው።

በደብዳቤ ማብቂያ ላይ «አባቴ ሰላም ይልዎታል» ተብሎ እንደሚጻፍ አውቃለሁ። እንደምጽፍልዎ ነግሬዋለሁ፤ አልከለከለኝም፤ ሰላምታ ግን አልላከም። ያላለውን እንዳለ አድርጌ መጻፍ ስላልወደድሁ ትቼዋለሁ።

አክባሪዎ፣
ሶያማ ዲሪርሳ

*

ቶሪኖ፣ ኅዳር 12

የኔ ልጅ ሶያማ፣

አካም ጂርታ? ፈያ ዳ? ፈጣሪ እድሜና ጤና ይስጥሽ፣ ያባትሽንም ጀርባ ይጠብቅልሽ። ደብዳቤሽን በቴሌግራም ሳገኘው መጀመሪያ የመንግሥት መሥሪያ ቤት የጻፈልኝ መስሎኝ ደንግጬ ነበር። ኋላ ካርቶኑ ጋ ስደርስ ቁጭ አልኩ።

ሰላምታ ያልላከልኝ ለምን እንደሆነ አውቃለሁ። ያን ጊዜ ስመጣ ግቢው ደንበኛ ሞልቶበት ነበር። የበየደውን ብረት አየሁና «ዲሪርሳ፣ ይሄ የመኪና ማውጫ ነው የነፍስ ማውጫ?» አልኩት። ሰዎቹ ሳቁ። እሱ አልሳቀም። ብረቱ እስከዛሬ ያው ብረት ከሆነ እኔም ቃሌን አላነሣም፤ ይህንንም ልትነግሪው ትችያለሽ።

አሁን ወደ ጉዳያችን። ያልዋሸሽኝ ልጅ ስለሆንሽ እኔም አልዋሽሽም፤ ፎቶ አይቼ ይሄን ግዢ አልልሽም። መወጣጫ የሚመረጠው ከሱቁ ሳይሆን ከመኪናው ነው። እዚህ የሚመጣው ደንበኛ ሁሉ ስለ ብረቱ ጥንካሬ ይጠይቀኛል፣ ስለ መኪናው አፍንጫ የሚጠይቀኝ የለም። ከዚያ ይገዛና ፓራውልቱን ሰብሮ ይመለሳል።

ሁለት ነገር ለኪልኝ። አንደኛው ከመሬት እስከ ሆዱ ያለውን ነው። ሁለተኛውና ዋናው ደግሞ አንድ ጣውላ ከፊት ጎማው ሥር አስደግፈሽ፣ ጫፉን ፓራውልቱ እስኪነካ ታነሺዋለሽ። ጣውላው እዚያ ላይ የሚያሳይሽ ዘንበልታ የመኪናው ፈቃድ ነው። ከዚያ የበለጠ ቀጥ ያለ መወጣጫ አይወጣም፣ በቃ።

ባዶውን መኪና ግን እንዳትለኪ። የኛን ሰው አውቀዋለሁ፤ ጋራዥ ሲመጣ ብቻውን አይመጣም። እንደመጣ ለኪው።

ደግሞ የግቢያችሁ ወለል ሲሚንቶ ነው ወይስ አፈር? አፈር ላይ ብረት ይንሸራተታል። ስትጽፊ እንደዚሁ ረጅም አድርጊው። እኔ የሚደርሰኝ ደብዳቤ የመብራትና የውኃ ብቻ ነው።

ወርቅቱ

*

ሰበታ፣ ታኅሣሥ 5 ቀን 2018 ዓ.ም.

ይድረስ ለተከበሩ እትዬ ወርቅቱ፣

ልኬቱን ጨርሼ ውጤቱን ላስታውቅዎ ነው የምጽፈው። ከሁሉ በፊት ግን ፈጣሪ እርስዎንም የሚሠሩበትንም ቤት ይባርክ፤ ምክርዎ እንደ መጽሐፍ ግልጽ ነበር።

ሦስት ቅዳሜ ለካሁ። ቅዳሜን የመረጥሁት እኔ ትምህርት ቤት የማልሄድበት፣ ሰውም ገበያና ዘመድ ጥየቃ የሚወጣበት ቀን ስለሆነ ነው። ጣውላውን ከአባቴ ወሰድሁ፣ የማዕዘን መለኪያውን ከክፍሌ አመጣሁ። አባቴ የመጀመሪያውን ቀን ሲያየኝ ቆየና «መኪናውን ልታስተምሪው ነው?» አለኝ። ከዚያ ወዲያ ግን ጣውላውን ራሱ ይይዝልኝ ጀመር።

ባዶውን እንዳትለኪ ማለትዎ እንዴት ትክክል እንደነበረ ላጫውትዎ። በሁለተኛው ቅዳሜ ልቅሶ ደርሰው ወደ ጫንጮ የሚመለሱ ሰዎች ከሥር የሚንቋቋ መኪና ይዘው ገቡ። ስድስት ትልልቅ ሰው ተጭኗል፤ ከኋላ ሁለት ጆንያ ጤፍ አለ። ማንም እንዳይወርድ ለመንኋቸው። ከኋላ ወንበር የተቀመጡ አንዲት እናት አንገታቸውን በመስኮት አውጥተው፣

«ልጄ፣ የምትለኪው መኪናውን ነው እኛን?» አሉ።

ሁለቱንም ነው አልኋቸው።

«እንግዲያው የከበደው ጤፉ ነው ብለሽ ጻፊ።»

ያው ዓይነት መኪና ባዶውን ሆኖ ከመጣው ጋር ሳነጻጽረው፣ ሆዱ አራት ጣት ያህል ወደ መሬት ወርዶ አገኘሁት። ባዶውን ለክቼ ቢሆን ኖሮ እሳሳት ነበር።

ውጤቱ ይህ ነው። የአቶ ከሊፋ አጭሩ መወጣጫ ለአንዱም ዝቅተኛ መኪና አይሆንም። ረጅሙ ከጥቂቶቹ በቀር ለሁሉም ይሆናል፤ ነገር ግን ዘንበልታው የለሰለሰ በመሆኑ አባቴን የሚያስገባ ከፍታ ላይ ለመድረስ ብዙ መሄድ አለበት። በገመድ ለካሁት፤ መኪናው ላዩ ላይ ሲቆም ሲሚንቶ የፈሰሰበትን የግቢውን ክፍል ሞልቶ በሩን ይዘጋል። ሌላ መኪና መግባት አይችልም። ከሲሚንቶው በስተጀርባ ያለው መሬት ደግሞ ወደ ወንዙ በጣም ስለሚያዘቀዝቅ አሮጌ ጎማ ከመጣል በቀር አንሠራበትም።

እንግዲህ ከሁለቱ የትኛውን እንምረጥ? አቶ ከሊፋ ረጅሙን ለሌላ እንዳይሸጡት እስከ ገና ይዘውልኛል።

ቃልዎን ለአባቴ ነግሬዋለሁ፤ ስለ ብረቱ ያሉትን ጭምር።

ሶያማ

*

ቶሪኖ፣ ታኅሣሥ 9

ሶያማዬ፣

አምላክ እጅሽን ይባርከው፣ ጣውላ የያዘውንም። ዛሬ በጥድፊያ ነው፤ እዚህ ከበዓላቸው በፊት ሰው ሁሉ ዕቃ ይፈልጋል።

ከሁለቱ አንዱንም አትግዙ። ሠራሽው የኔ ልጅ፣ መልሱን ራስሽ ጽፈሽልኛል። ቦታ ለሌለው፣ መኪናውም ዝቅ ላለበት ሰው መፍትሔው ፖንቴ ነው። ለዲሪርሳ እንዲህ በዪው፦ ወርቅቱ ላንተ የሚሆንህ ፖንቴ ነው ብላለች። እሱ የሙያው ሰው ነው፣ ወዲያው ይገባዋል።

ሱሉልታ ዘንድሮ ብርዱ እንዴት ነው? ጻፊልኝ።

ወርቅቱ

*

ሰበታ፣ ጥር 3 ቀን 2018 ዓ.ም.

ይድረስ ለተከበሩ እትዬ ወርቅቱ፣

የዘገየሁት እውነቱን ሳልቀንስ፣ እርስዎንም ሳላስቀይም የምጽፍበት መንገድ ስለቸገረኝ ነው። ገና አልፎ ጥምቀት እየደረሰ ነውና በዓሉን በጤናና በደስታ ያሳልፉ ዘንድ እመኛለሁ። ሱሉልታ ለገና ሄጄ ነበር፤ ብርዱ ጠዋት ጠዋት ሣሩን እንደ ጨው ያነጣዋል። ዘመዶች ሁሉ ደህና ናቸው፤ ስምዎን ያነሡ ነበር።

መልእክትዎን እንዳዘዙኝ፣ አንድ ቃል ሳልጨምር ለአባቴ አደረስሁ። ብሎን እየፈታ ነበር። መፍቻውን አስቀመጠና ደግሜ እንድነግረው ጠየቀኝ። ደገምሁለት። ከምሳ በኋላ ግንበኛውን ውብአየሁን ጠርቶ፣ ደንበኞች ባሉበት፣ ፖንቴ ማቆም ይችል እንደሆነ ጠየቀው። ውብአየሁ ግድግዳችንን ወደ ላይ ወደ ታች አየና ለልስን ነው ለቀለም ብሎ መለሰ።

«ለመኪና» አለ አባቴ። «ዘመዴ ከጣሊያን ያዘዘችልኝ ነው። ባሕር ዛፍ ተክለህ፣ በሚስማር መትተህ፣ መኪናውን ከላይ ትሰቅለዋለህ።»

ሰው ሁሉ ሳቀ። አባቴም ሳቀ፤ ግን ደስ ብሎት አልነበረም። ማታ ወደ እኔ ዞሮ፣ «ደሃ መስለናት ነው» አለኝ። «ለሀብታሙ ብረት፣ ለዲሪርሳ እንጨት። እንዲህ ብለሽ ጻፊላት፦ ጣሊያን አገርም መኪና የሚሰቀለው ባሕር ዛፍ ላይ ነው ወይ?»

ጥያቄው የእርሱ ነው፤ እንዳለ አድርሻለሁ። የእኔ ጥያቄ ደግሞ ይህ ነው። ሰበታም ሆነ ቡራዩ ፖንቴ የሚባለው ግንበኞችና ቀለም ቀቢዎች ሕንፃ ላይ ሲሠሩ የሚቆሙበት፣ ከእንጨት ተጋጥሞ የሚተከለው መወጣጫ ነው። ሌላ ትርጉም እንዳለው ሰውም ጠይቄ፣ መዝገበ ቃላትም አገላብጬ አላገኘሁም። እርስዎ በሙያዎ እንዲህ ያለ ምክር ይሰጣሉ ብዬ አላምንም። ፖንቴ ሲሉ ምን ማለትዎ ነበር?

መልስዎን እስካገኝ ድረስ ስላለንበት ሁኔታ ልንገርዎ። አባቴ ነገሩን ከዚያ ወዲያ እንዳላነሣ ከልክሎኛል። አቶ ከሊፋም ገና ስላለፈ ረጅሙን መወጣጫ ለሌላ ሰው ሊሸጡት ነው፤ ይሽጡት አልኋቸው። ዝቅተኞቹ መኪኖች ግን አልቀሩም፤ ቁጥራቸው እንዲያውም ጨምሯል፤ አባቴም እልህ ይዞት ከበፊቱ ይልቅ ቶሎ ቶሎ ይገባል። እኔ ቤት በምውልበት ቀን ካርቶኑ አጠገብ ወንበር አስቀምጬ መጽሐፍ አነባለሁ። ከሥር ሆኖ «ምን ትሠሪያለሽ?» ይለኛል። ክሪኩን እየጠበቅሁ ነው እለዋለሁ። ፊዚክስ ስለማውቅ መኪናው ሲወርድ ላቆመው እንደማልችል ይገባኛል። ሆኖም ከዚያ መነሣት አልቻልሁም።

ሶያማ

*

ቶሪኖ፣ ጥር 6

ሶያማዬ፣

ፈጣሪ ይማረኝ፣ ደብዳቤሽን ሱቅ ውስጥ ሆኜ አንብቤ ብቻዬን ስስቅ አለቃዬ መጥቶ ደህና ነሽ ወይ አለኝ። ምን ብዬ ላስረዳው? ባሕር ዛፍ ላይ የተሰቀለ መኪና!

ስሚኝ። እዚህ ፖንቴ የምንለው፣ እኔ ቀኑን ሙሉ የምሸጠው፣ ሁለት የብረት ምሰሶ ያለው፣ መኪናውን በክንዱ ታቅፎ ወደ ላይ የሚያነሣ ማሽን ነው። ሠላሳ ዓመት ስኖር የትኛው ቃል የማን እንደሆነ ጠፍቶብኛል። ካምቢዮ፣ ፓራውልት፣ ጎሚስታ እያላችሁ ስትሠሩ ስሰማ ይሄንንም እንደኔ ትሉታላችሁ መስሎኝ። ለካ ቃሉን ግንበኛ ቀድሞ ወስዶታል። የሚገርመው የቃሉ ዋና ፍቺ የእናንተም የእኔም አይደለም። በጣሊያንኛ ፖንቴ ማለት ድልድይ ማለት ነው። ወንዝ የሚሻገሩበት፣ ተራ ድልድይ።

ለዲሪርሳ መልሴን አድርሺልኝ፦ ባሕር ዛፍስ እዚህም ይበቅላል፣ መኪና የሚሰቅልበት ሰው ግን አላየሁም። ፖንቴ ያልኩት ደሃ መስለኸኝ አይደለም፤ ቁመትህን ስለማውቅ ነው። ያን ሁሉ ቁመት አጥፈህ ካርቶን ላይ የምትተኛው እስከ ስንት ዓመትህ ነው? ቆመህ ሥራ ብዬ ነው።

አሁን ግን ሌላ ሐሳብ ያዘኝ። ማሽኑ የሚታሰረው በወፍራም ሲሚንቶ ላይ ነው። የናንተ ሲሚንቶ ስንት ጣት ውፍረት አለው? መብራትስ ስንቴ ይጠፋል? መኪናው ላይ እያለ ቢጠፋ አይወድቅም፣ መያዣ አለው፤ ግን እስኪመጣ እዚያው ተሰቅሎ ያድራል። እነዚህን መልሺልኝና እንወስናለን።

ወንበርሽን ደግሞ ከመኪናው ራቅ አድርጊው።

ወርቅቱ

*

ቶሪኖ፣ የካቲት 5

ሶያማ፣ ሰላም ላንቺ ይሁን።

ምነው ዝም አልሽ? አንድ ወር ሊሞላ ነው። ዲሪርሳን ያስቀየመው ነገር ካለ ንገሪኝ፣ እችለዋለሁ። ክሪኩ ከሆነም ንገሪኝ። ዝምታውን ግን አልቻልኩም።

ወርቅቱ

*

ሰበታ፣ የካቲት 8 ቀን 2018 ዓ.ም.

ይድረስ ለተከበሩ እትዬ ወርቅቱ፣

አባቴ ደህና ነው፤ ሙሉ ጤነኛ ነው። ይህን ከሁሉ በፊት ያስቀደምሁት ስላስጨነቅሁዎ ነው። ያልጻፍሁት ነገሩ በየቀኑ ይለዋወጥ ስለነበር፣ ዛሬ የምጽፈው ነገ ሐሰት እንዳይሆን ፈርቼ ነው። ጾሙ ነገ ይገባልና በሰላም አስጀምሮ በሰላም ያስፈጽምዎ።

የጥር ስድስቱን ደብዳቤዎን ለአባቴ ጮክ ብዬ አነበብሁለት። ስለ ቁመቱ የጻፉትን ስጨርስ እንድደግመው አላዘዘኝም፤ ግን እኔን ማየቱን ትቶ መስኮቱን ያይ ነበር። ድልድይ የሚለው ላይ ስደርስ ሳቀ፤ ይህኛው የደስታ ሳቅ ነበር። ከዚያ ጥያቄዎችዎን መለስን። ሲሚንቶው ቀጭን ነው፤ ጥራጊ ላይ የፈሰሰ ስለሆነ ማሽን አይሸከምም። መብራት በሳምንት ብዙ ጊዜ ይጠፋል። እኔ እነዚህን ወረቀት ላይ ሳሰፍር ማሽኑም እንደማይሆን እየገባኝ፣ ልቤ ሐዘን ገባው።

አባቴ ግን ተነሥቶ ወጣ። ስከተለው ከሲሚንቶው ጠርዝ፣ አሮጌ ጎማ ከምንጥልበት ቁልቁለት አፋፍ ላይ ቆሞ አገኘሁት።

«ለምንድን ነው ወደ ላይ የምናወጣው?» አለኝ።

መኪናውን ነው? አልሁት።

«መኪናው ባለበት ይሂድ። መሬቱ ነው መውረድ ያለበት። መሬቱ ደግሞ ወርዷል፣ ይኸው።»

ለመረዳት ጥቂት ጊዜ ወሰደብኝ፤ ለእርስዎ ግን ባጭሩ ልግለጸው። ከሲሚንቶው ጠርዝ ተነሥተው፣ ሳይወጡም ሳይወርዱም፣ ቁልቁለቱ ላይ ቀጥ ብለው የሚዘረጉ ሁለት የጎማ መሄጃዎች በምሰሶ ላይ ይሠራሉ። መኪናው በተኛ መንገድ እንደሚሄድ ሁሉ እየተንከባለለ ይገባል። የሚወጣው ዳገት ስለሌለ ፓራውልቱ የሚጋጨው ነገር የለም፤ ሆዱም የሚነካው የለም። ስድስት ሰውና ሁለት ጆንያ ጤፍ ቢጫንበትም ለውጥ የለውም። መሬቱ ብቻ ከሥሩ እየሸሸ ይሄዳል። እርስዎ ድልድይ ብለው ተርጉመውት ነበርና አባቴ የሠራው ቃሉን እንዳለ መቀበል ነው።

በማግሥቱ ውብአየሁ መጣና ጎማዎቹን አነሣን። ከሲሚንቶው ጠርዝ እስከ ታችኛው አጥር ገመድ ወጠርን፤ በውኃ ልክ አስተካከልነው። አባቴ ወርዶ ገመዱ ሥር ቆመ። ቀጥ ብሎ ቆመ፣ እትዬ ወርቅቱ። ገመዱ ከራሱ ከፍ ብሎ ያልፋል። እጁን ዘርግቶ በሌለ መኪና ሆድ ላይ ብሎን እንደሚፈታ ሰው ጣቶቹን አዞረ። ውብአየሁ ከላይ ሆኖ መኪናው የታለ ሲለው፣ «ፖንቴው ይቅደም» ብሎ መለሰለት።

ከዚያ በኋላ ያለው ወር ያለፈው በክርክር ነው። ውብአየሁ በዓይኑ ለክቶ ሊጀምር ፈልጎ ነበር፤ እኔ ያለ ስሌት አንድ ድንጋይ አይነሣም አልሁ። ሰበታ ቴክኒክ ኮሌጅ የግንባታ መምህር የሆነው ሌንጮ የሚባል የትምህርት ጓደኛዬ መጥቶ አፈሩን አስቆፍሮ አየ፤ የምሰሶዎቹን ጥልቀትና ውፍረት አስልቶ ንድፉን ሠራልን። ንድፉን ከዚህ ጋር ይመለከቱታል። አቶ ከሊፋ ሲሰሙ አልተቀየሙም። እኔ መወጣጫ እሸጣለሁ፣ እናንተ መውረጃ ሠራችሁ ብለው ሳቁብን።

አባቴ ሰላምታ ልኮልዎታል። ቃል በቃል ይህ ነው፦ «ደህና ነሽ ወይ ወርቅቱ። ድልድይ ያልሽው ልክ ነው። ነፍስ ማውጫ ያልሽው ግን ልክ አይደለም፤ እስካሁን ማንም አልሞተበትም። ስትመጪ ቆሜ እቀበልሻለሁ።»

አሁን የቀረን ሌንጮ የማያውቀው፣ እኔም በሰበታ መኪኖች ብቻ ለክቼ ልደርስበት የማልችለው ነገር ነው። የምሰሶው ኮንክሪት አንዴ ከፈሰሰ አይንቀሳቀስምና ሳንሳሳት መጀመር አለብን። እርስዎ በየቀኑ የሁሉንም ዓይነት መኪና ልክ ስለሚያገላብጡ፣ የሚከተለውን እንዲጽፉልን በአክብሮት እጠይቃለሁ። ከትንሿ እስከ ትልቁ ያሉት ዝቅተኛ መኪኖች ሁሉ እንዲገቡበት፣ በሁለቱ መሄጃዎች መካከል የሚቀረው ክፍተትና የእያንዳንዱ መሄጃ ስፋት ምን ያህል ይሁን? ጎማው ወደ ጎን እንዳይወርድ በየጠርዙ የሚደረገው ግድብ፣ ጎማውን የሚይዝ ነገር ግን የመኪናውን ጎን የማይፍቅ እንዲሆን ከፍታው የት ድረስ ነው? በመጨረሻው ጫፍ ጎማውን የሚያቆመው ማገጃስ ምን ዓይነት ይሁን? ደግሞም ከባዱ የኤሌክትሪክ መኪና ሙሉ ጭነት ይዞ ስንት እንደሚመዝን ይንገሩን፤ ሌንጮ የተማመነበት ቁጥር የእኔ ግምት ነውና በእርሱ ላይ የአባቴን ራስ ማቆም አልፈልግም።

መልሱን ለእኔ ሳይሆን በአባቴ ስም ይጻፉት። እኔ ስነግረው ይሰማኛል፤ እርስዎ ሲሉት ግን ይሠራዋል።

ስለ ቀኑ ደግሞ ግልጽ ልሁን። ገመዱን ከወጠርን ወዲህ አባቴ አንድም ዝቅተኛ መኪና አልተቀበለም፤ ደንበኞቹን ፖንቴው እስኪያልቅ ታገሡኝ እያለ ይመልሳቸዋል። ብዙዎቹ ታግሠውታል። ፉሪ የሚኖሩት ወይዘሮ ራቢአ ግን መኪናቸው ከሥር ይንቋቋል፤ ልጆቻቸውን ትምህርት ቤት የሚያደርሱትም በእርሷ ነው። ሥራው እስከ ቅዳሜ የካቲት 21 ካልተጀመረ በክሪክም ቢሆን ይሥሩልኝ ብለውታል፤ አባቴም እሺ ብሏል፤ እሺ ያለውን ደግሞ አያጥፍም። ውብአየሁም ሌላ ሥራ ስላለበት ከዚያ ቀን በኋላ እስከ ፋሲካ አይመለስም። ስለዚህ ቅዳሜ ጧት አባቴ ወይ የምሰሶውን ጉድጓድ ይጀምራል፣ ወይ ክሪኩን ያነሣል። መልስዎ እስከ ዓርብ፣ የካቲት 20 ቀን 2018 ዓ.ም. ማታ ይድረሰን።

አክባሪዎ፣
ሶያማ ዲሪርሳ